በሩ አጠገብ ያለችው የእግር መኪና

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከጊዳ አያና በአይሱዙ ላይ ከበቆሎ ጆንያ ጋር ተጭኜ ነቀምቴ ወረድኩ፤ በማግስቱ ጠዋት ኦቦ ፉፋ ስፌት ቤት በር ላይ ቆምኩ። ኦቦ እዚህ አገር አቶ እንደማለት ነው። ኦቦ ፉፋ ሜትሩን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ከመቀሱ ቀና ብለው አዩኝ።

«መስፋት ትችያለሽ?»

«አልችልም።»

«ደግ ነው። እችላለሁ የሚል ሰው ማስተማር ያደክመኛል» አሉና መጥረጊያ ሰጡኝ።

የዚያን ቀን ሥራዬ ቁርጥራጭ ጨርቅ መጥረግና ወለል ላይ የወደቀውን መርፌ በማግኔት መልቀም ነበር። ስጠርግ በሩ አጠገብ ካለችው ጥቁር የእግር መኪና ደረስኩ። በእግር እየረገጡ የሚሰፉባት፣ ጎማዋ የሚያብረቀርቅ፣ ኦቦ ፉፋ ራሳቸው ሥራ የጀመሩባት ናት። እጄን ዘርግቼ ጎማዋን ልነካ ስል «እሷን ተያት!» አሉኝ። ተውኳት፤ ዓይኔን ግን አላነሳሁም።

ለወጣቶች የቤቱን ማዕረግ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ለማጅ ነው፤ ይጠርጋል፣ ቦቢን ላይ ክር ይጠቀልላል፣ የከሰል ካውያ ያቀጣጥላል። ቀጥሎ ቁልፍ ተካይ። ከዚያ ሰፊ። ከሁሉም በላይ ቀዳጅ ነው፤ ልክ የሚወስድና ጨርቅ የሚቆርጥ። ጨርቅ አንዴ ከተቆረጠ አይመለስምና መቀሱ ለማንም አይሰጥም። ያቺ የእግር መኪና የተፈቀደችልኝ ሰፊ ስሆን ነው። የመጀመሪያውን ቀሚስ በእሷ ላይ ስጨርስ ጎማዋን በዘይት ጨርቅ ወለወልኩና «አሁን የኔ ነሽ» አልኳት። በአፌ ነው ያልኩት፤ ኦቦ ፉፋ ሰምተው ስቀዋል።

ዘመን ሲመጣ ባለ ሞተር ማሽኖች ገቡ፣ ጠርዝ የሚይዘው ኦቨርሎክም መጣ። እጄ ፈጣን ነውና ሞተሩን ወደድኩት። የኦቦ ፉፋ ዓይን ሲደክም መቀሱም ወደ እኔ ዞረ፤ ቀዳጅ ሆንኩ። የእግሯ መኪና ጨርቅ ለብሳ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ማንም አይነካትም ነበር። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት አቧራዋን እጠርግላት ነበር።

እንግዲህ ታናሽ እህቴ እናኑ የመጣችው በዚህ ላይ ነው።

እናኑ እናትና አባታችን ካረፉ በኋላ ጊዳ አያና የወላጆቻችንን ቤት ይዛ የቀረች ናት። ስፌት ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ክረምት ክረምት ነቀምቴ ስትመጣ አጠገቤ አስቀምጬ። አያና ገበያ ውስጥ በአንዲት ክፍል ትሰፋ ነበር። በአካባቢው ችግሩ በርትቶ መንደሩ ሲበተን፣ አንድ ፌስታልና መቀሷን ይዛ ወደ እኔ መጣች። እኔም ይዣት ወደ ኦቦ ፉፋ ሄድኩ። እኔ አለቅሳለሁ፣ እሷ መቀሷን ጨብጣለች።

ኦቦ ፉፋ ብድግ አሉ። «ነይ ኢንተላ ኮ፣ እዚህ ተቀመጪ» አሏትና ከእግሯ መኪና ላይ ጨርቁን ገፈፉ።

ኢንተላ ኮ ማለት ልጄ ማለት ነው። እኔን ከመጥረጊያ እስከ መቀስ ሲያሳድጉኝ ሽታዬ ከማለት ሌላ ጠርተውኝ አያውቁም። መኪናዪቱን ለመንካት እኔ ስንት ዘመን ጠበቅኩ፤ እሷ ገና ሻርፗን ሳትፈታ ተቀመጠችባት። እህቴ በሕይወት ስለመጣች ደስ ብሎኛል፤ ያ ደስታ አንድ ቦታ ነው፣ ይሄኛው ነገር ደግሞ ሌላ ቦታ። ሁለቱ አይገናኙም።

ሥራዋ ቀርፋፋ ነው፤ ስፌቷ ግን እንደ ሩዝ ፍሬ እኩል እኩል ይወርዳል። ደንበኛ ይሄን አይስተውም። አንዲት ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች መምህርት፣ የዘወትር ደንበኛዬ፣ ቀሚስ ይዛ ገባችና አልፋኝ ሄደች።

«ያቺ በሩ ጋ ያለችው ትስፋልኝ» አለች።

«እኔስ?» አልኳት።

«አንቺማ ሥራ ይበዛብሻል፣ ሽታዬ። አዘንኩልሽ እኮ ነው።»

አዘነችልኝ! ከዚያ በኋላ የሚገባው ሁሉ ሲያዝንልኝ ዋለ። ሳምንቱን ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ሱሪ ስቀድ፣ ሐር የሚመስለው፣ ዳንቴል ያለበት፣ ለሰርግ የሚሆነው ሁሉ በሩ አጠገብ ቀረ።

ታዲያ አንድ ነገር ነበረባት። ሞተሩን ስረግጥ እግሯ ቀጥ ይላል። ኦቨርሎኩ ሲነሳ ከመኪናዋ ተነስታ ከጨርቅ መደርደሪያው ጀርባ ትቆማለች። ባጃጅ ሲያልፍ እጇ ጨርቁን ጨምድዶ ይይዛል። ኦቦ ፉፋ አዘኑና «እሷ ስትሰፋ ሞተር አታስነሱ» አሉ። የኔን ሥራ አስቡት! እሷ ምሳ እስክትወጣ ጠብቄ ልስፋ? ሞተሩ የኔ ነበር፤ እሱንም ወሰደችብኝ አልኩ።

አንድ ቀን ቁልፍ እየተከልን ጠየቅኳት።

«ሞተር ሳይክል ነው የምፈራው አላልሽኝም? ይሄ የስፌት ሞተር ነው። ጎማ የለው፣ ሰው አይጭን!»

«አውቃለሁ እታለም። እግሬ ነው የማያውቀው።»

ከዚያ ነገረችኝ። የመጀመሪያ ጊዜ የታጠቁ ሰዎች የመጡት በሞተር ሳይክል ነው። ከዚያ በኋላ ገበያው ሁሉ ጆሮውን ሞተር ላይ ተከለ። የሞተር ድምፅ ሲሰማ ሱቅ ይዘጋል። እናኑ የዚያን ጊዜ ከሞተር ሳይክል ሌላ አትፈራም ነበር፤ እንዲያውም የሰፈሩን መምህር ሞተርና የሌላውን ትለይ ነበር። ወፍጮ አጠገቧ ሲያጓራ ትሰፋለች። ባጃጅ ትሳፈራለች።

«ሁለተኛ ጊዜ ግን በእግራቸው መጡ» አለች። «በገበያ ቀን፣ ከገበያተኛው መሃል። አንዱ ፌስታል ይዞ ነበር። ሞተር አልነበረም እታለም። እኔ ሞተር እየጠበቅኩ ስሰፋ ነበር።»

የቁልፉን ክር በጥርሷ ቆረጠች።

«ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ቀረ ብዬ አላረፍኩም። ሞተር የሚመስለው ሁሉ ጨመረ። ወፍጮው፣ ባጃጁ፣ ጄኔሬተሩ፣ ያንቺ ማሽን። ፌስታል ያንጠለጠለ ሰው እንኳ ሲገባ ከፊቱ በፊት የማየው ፌስታሉን ነው።»

እኔ መጽሐፍ አላነበብኩም፤ ይሄን የተረዳሁት በመቀሴ ነው። ልኩ የማይለወጥ ደንበኛ ሲሆን ጨርቁን ጠጋ አድርጌ እቆርጣለሁ። አንዴ ወፍራ አንዴ ከስታ የምትመጣ ሴት ስትሆን ግን በየስፌቱ ሰፊ ትርፍ እተዋለሁ፤ ነገ የቱን ሆና እንደምትመጣ አላውቅማ። የእናኑም ፍርሃት እንዲሁ ነው። አደጋው አንድ መልክ ሳለ ልክ በልክ ነበር። መልኩን ሲለውጥባት በሁሉም ጎን ትርፍ ተወችለት። ሰፋ፣ ሰፋ፣ መጨረሻ ላይ የኔን ሞተር ሸፈነው።

ይሄን ሁሉ ገብቶኝም ቅናቱ አልቀነሰልኝም።

የመዘምራኑ ሥራ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። አዴ ለሊሴ፣ ማለትም ወይዘሮ ለሊሴ፣ የአንድ ትልቅ የመዘምራን ቡድን መሪ ናቸው። አዲስ የጸሎት ቤት ሊመረቅ ስለሆነ ለመዘምራኑ ሁሉ ክሬም ካባ፣ ኮሌታው ቀይ የሆነ፣ አዘዙ። ጨርቁ ከአዲስ አበባ የመጣ ሳቲን ነው፤ ጠርዙ ካልተያዘ እንደ ጎመን ዘር ይበተናል። ኦቨርሎክ የግድ ይላል።

«ኮሌታውን ያቺ ልጅ ትሥራው» አሉ አዴ ለሊሴ፣ ወደ እናኑ እያመለከቱ። «እጇ የረጋ ነው ይላሉ።»

«ማን ነው የሚለው?» አልኩ።

«ሁሉም ነዋ!»

እናኑ መቀሱን ያዘች። የኔን መቀስ ነው! ኦቦ ፉፋ በእጃቸው ነው የሰጧት። ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ቀዩን ጨርቅ ስትቆርጥ መብራት ጠፋ፤ ጎረቤታችን ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ጄኔሬተሩን አስነሳ። አንዴ ድር ድር ብሎ ሲነሳ የእናኑ እጅ ተወረወረ። መቀሱ ከኮሌታው መሃል እስከ ጠርዙ ሸረከተው። እሷ ከጠረጴዛው ሥር ነበረች።

አዴ ለሊሴ ጎንበስ ብለው ትከሻዋን ነኩ። «ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ፣ የኔ ልጅ» አሏት። ቀና ሲሉ ግን ፊታቸው ሌላ ነበር። «ኦቦ ፉፋ፣ ይሄ ጨርቅ ነቀምቴ ውስጥ የለም። መዘምራኑ ምን ለብሰው ይቁሙ?»

የተሸረከተውን እኔ ያዝኩት። ከጀርባ መሃል ላይ ስፌት እንዲኖረው አድርጌ ገጠምኩት፤ ሌሎቹንም ኮሌታዎች በዚያው ዓይነት ቆረጥኳቸው፣ ሆን ተብሎ የተሠራ እንዲመስል። አዴ ለሊሴ በማግስቱ አይተው «እንዴት ያምራል! የእናኑ እጅ መሆኑ ያስታውቃል» አሉ። ምን ልበላችሁ።

ኦቦ ፉፋ ወደ ውጭ ጠሩኝ።

«ሽታዬ፣ ይሄ ሥራ ያለ ሞተር ለምረቃው በዓል አይደርስም። ሁለት ሰው ሞተር ላይ ካልተቀመጠ አይሆንም። ቢላ የምትባል ከተማ ዘመድ አለኝ፤ ሰፈሩ መብራት አልገባለትም፣ በእግር መኪና ነው የሚሰፋው። እናኑን እዚያ ልላካት፣ በምትኳ ሌላ ሰፊ ላምጣ። እሷም ታርፋለች።»

እናኑ በሩ ጋ ሆና ሰምታለች። «አያናን ለቅቄ መጣሁ» አለች ቀስ ብላ። «ከአንቺም ልልቀቅ እታለም? ማን አለኝ?»

ትሂድ የሚለው ሐሳብ አልመጣልኝም ብል ማን ያምነኛል? የእግሯ መኪና ባዶዋን ስትቀር፣ መምህርቷ ወደኔ ስትመለስ ታየኝ። ግን ሌላም ነገር ታየኝ። እናኑ ከሄደች ነቀምቴ ሙሉ «ያቺ በሩ አጠገብ የነበረችው፣ ወይ እጅ!» ሲል ሊኖር ነው። የሄደ ሰው አይሸነፍም። ብትበልጠኝ እንኳ እዚሁ፣ በሞተር፣ በአንድ ዓይነት ማሽን ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ትብለጠኝ አልኩ።

«አትሄድም» አልኩ። «እኔ አስለምዳታለሁ።»

መጀመሪያ የሞከርነው የኦቦ ፉፋን ዘዴ ነው። «ድምፁን እንቀንሰው» አሉና የኮት ትከሻ ውስጥ የምንሰፋውን ስፖንጅ ከሞተሩ ሥር ደረደሩ፤ ዙሪያውን በገበር ጨርቅ ጠቀለሉት። ማንም ልብስ ሰፊ የሚያስበው ይሄንኑ ነው፤ የሚሻክረውን ነገር ሁሉ በገበር መሸፈን። እግሬን አሳረፍኩ። ሞተሩ ድሮ ይጮህ የነበረው አሁን በሩቁ እም... እም... አለ።

እናኑ በር ከፍታ መንገዱ ማዶ ደረሰች።

ተከትያት ሄድኩ። ፊቷ አመድ መስሏል። «ምን ሆንሽ? ቀነስንልሽ እኮ!»

«ከሩቅ የሚመጣ አደረጋችሁት» አለች። «እንዲህ ነበር የሚሰማው። ገና ከወንዙ ማዶ ሳለ።»

ተመልሼ ገበሩንም ስፖንጁንም ገፍፌ ጣልኩ። ሞተሩ ራቁቱን ይጩህ። እዚሁ ያለ ነገር እዚሁ ያለ ይምሰል።

ቀጥሎ ቺንጋውን ፈታሁ። ቺንጋ ሞተሩን ከማሽኑ ጎማ ጋር የሚያያይዘው ቀበቶ ነው፤ እሱ ከወለቀ ሞተሩ ይዞራል እንጂ መርፌው አይነሳም፣ ማንንም አይወጋም። ወንበሩን ሳብኩና «ተቀመጪ፣ ራስሽ ርገጪው» አልኳት።

ቆማ ቀረች። ለመንኳት። ኦቦ ፉፋም ለመኗት። መጨረሻ ላይ ሆዴ ውስጥ የነበረው ወጣ።

«ተዪው በቃ! ለነገሩ አትችይም። የኔ ማሽን ነው፣ ላንቺ አይሆንም። አንቺ ባለ እግር ነሽ።»

ቀና ብላ አየችኝ። የልጅነት ፊቷ መጣ፤ ጉንጯ ተነፋ።

«ድሮም አንቺ ዕቃሽን አታስነኪም» አለችኝ። «አሻንጉሊት እንኳ ከልክለሽኛል።»

«አዎ ከልክያለሁ። አሁንም እከለክላለሁ።»

ከወንበሩ ገፋ አድርጋኝ ተቀመጠችና ረገጠችው። ሞተሩ ጮኸ። ዓይኗን ጨፈነች። እግሯን አነሳች፤ ዝም አለ። እንደገና ረገጠች፤ ጮኸ። አነሳች፤ ዝም አለ። ከወንበሩ ግን አልተነሳችም።

«ቁም ስለው ያቆማል» አለች።

«ታዲያስ! ያኛው ያቆምልሽ ነበር?»

«አያቆምም ነበር።»

በዚሁ ቀጠልን። ልብስ ሲጠብብ በአንዴ አይጠብብም፤ ባለቤቷ ለብሳው ትቆማለች፣ በመርፌ ቁልፍ ትይዣለሽ፣ እጇን ታነሳለች፣ ከጠበበባት ትፈቻለሽ። እኛም አንዱን ድምፅ ስንጨርስ ወደሚቀጥለው ሄድን። ሞተሩን ስትለምድ ቺንጋውን መለስኩ። ከዚያ ኦቨርሎኩን። ከዚያ ጎረቤት ሄደን ጄኔሬተሩን እሷ ራሷ በገመድ ስባ እንድታስነሳው የፎቶ ኮፒውን ባለቤት ለመንነው፤ ሳቀብን፣ ግን ፈቀደ። በሩ ላይ ሆነን ደግሞ የሚያልፈውን እንጠራለን።

«ይሄስ ማነው?»

«ባጃጅ።»

«ይሄስ?»

«ወፍጮ። የእህል ሽታም አለው።»

ቀጥ ብሎ የሄደ እንዳይመስላችሁ። ጭስ ማውጫው የተቀደደ አንድ ባጃጅ ነበር፤ እሱ ባለፈ ቁጥር የሠራነው ሁሉ ይፈርስ ነበር። ሹፌሩን አስቁሜ «ወይ አሠራው ወይ በሌላ መንገድ ሂድ» አልኩት። «እናቴ፣ ታክስ የምትከፍይልኝ አንቺ ነሽ?» ብሎኝ ሄደ። እናኑ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆና ሳቀች። ከዚያ ጀርባ ስትስቅ የሰማኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ካባዎቹን ጎን ለጎን ሆነን ሰፋናቸው። ሁለቱም ሞተሮች እየጮሁ፣ አንዱ ሲያቆም አንዱ እየቀጠለ። እጇ ፈጠነ። የኔን ያህል አይደለም፤ አሁንም አይደለም፣ ይሄን ማንም ይመስክር።

ሥራው ሊያልቅ ሲል አንድ እውነተኛ ሞተር ሳይክል በራችን ላይ ቆመ። እናኑ እግሯን ከሞተሩ አነሳች። ተነስታ ወደ በሩ ሄደችና ጥግ ይዛ አየች። የግብርና ባለሙያ ነው፣ ሱሪ በፌስታል ይዟል።

«ሱሪ ሊያሳጥር ነው» አለችኝና ተመልሳ ተቀመጠች። እጇ እስኪረጋ ክር ስታስገባ ቆየች። ያቺን ፍርሃት አልነካኋትም፤ ያንን ትርፍ አላጠበብነውም። እዚያ ጋ ትንሽ ሰፋ ብሎ ቢቀር ይሻላል፤ አገሩን የምናውቅ ሰዎች ነን።

የምረቃው ቀን መዘምራኑ ተሰልፈው ሲገቡ ክሬሙና ቀዩ ዓይን ይወስድ ነበር። ከኮሌታቸው ጀርባ ያለችውን የመሃል ስፌት እያየሁ ነበር፤ የኔ ናት። በኋላ አዴ ለሊሴ በሕዝቡ ፊት «ይህን የሰፋችልንን እናኑን ገለቶሚ፣ እናመሰግናለን በሏት» ብለው አስነሷት። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ኦቦ ፉፋ በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ።

«አስተማሪዋ ማን እንደሆነች እኔ አውቃለሁ» አሉ።

«ታዲያ ይናገሩዋ!» አልኳቸው። ሳቁና ማጨብጨባቸውን ቀጠሉ።

ብዙ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ። ያወቅሁት ነገር ይሄ ነው፤ አደጋ መልኩን ሲቀያይር ሰው የሚፈራውን ያሰፋል፣ ጉዳት የሌለውም ነገር ከውስጡ ይገባል። «ይሄ እኮ ያ አይደለም» ብሎ መንገር አያጠብበውም። አንድ በአንድ፣ ባለቤቱ ለብሶት ቆሞ፣ በራሱ እግር እየረገጠ ነው የሚጠብበው። ሁሉም ትርፍ አይቆረጥም።

ኦቦ ፉፋ ሥራ ሲያቆሙ ሞተሮቹንና መቀሱን ለኔ ተዉልኝ። የእግሯን መኪና ለእናኑ ሰጧት። ይህን ስጽፍም አንጀቴ እርር ይላል።

እናኑ በበጋው ወደ ቢላ ሄደች፤ ማንም ሳይልካት፣ ራሷ ፈልጋ። መብራት ባለበት በኩል በገበያው ዳር አንድ ክፍል ተከራየችና ሁለት ባለ ሞተር ማሽን አስገባች። የእግሯን መኪና በአይሱዙ ጭና ወሰደቻት። ስደውልላት «መኪናዬስ?» እላታለሁ። «መኪናሽ ደህና ናት፣ በሩ አጠገብ ናት» ትለኛለች። አሁን ከጊዳ አያና የመጣች አንዲት ሴት ተቀምጣባታለች፤ እሷ ስትሰፋ እናኑ ሞተሮቹን ታጠፋለች።